ጅብ ከሄደ በኋላ

የቅርጫት ኳስ ሥራ አስኪያጅ ተጫዋች ሲለውጥ በምን ሚዛን ይመዘናል?

እ.ኤ.አ. በ2025 የፌብሩዋሪ ወር በገባበት ቅዳሜ ሌሊት፣ በዋሽንግተን ዙሪያ መንገደኛ ሲያመላልሱ አምሽተው በሲልቨር ስፕሪንግ ካሉት የአገራችን ሰዎች ቡና ቤቶች በአንዱ የተቀመጡ ታክሲ ነጂዎች፣ ስኒያቸውን በእጃቸው እንደ ያዙ በየስልካቸው ላይ አጎንብሰው ዝም አሉ። ወሬው ሁለት መስመር አይሞላም፤ የዳላስ ማቭሪክስ ቡድን ሉካ ዶንቺችን ለሎስ አንጀለስ ሌከርስ ሰጥቶ አንቶኒ ዴቪስን ተቀበለ ይላል። ከመካከላቸው በዕድሜ የሚያንሰው፣ «ይህ ሐሰት ነው፤ የጋዜጠኛውን ገጽ ሌባ ሰብሮት ይሆናል» ብሎ ስልኩን ገለበጠው። በዚያች ሌሊት በመላ አሜሪካ ወሬውን ያነበበው ብዙ ሰው ያሰበው ይህንኑ ነበርና ልጁ በግምቱ ብቻውን አልነበረም። ጢማቸው የሸበተው አዛውንት ግን ቡናቸውን ፉት ብለው፣ «እኛ ይህን በ1998 አይተነዋል» አሉና ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ወደ መኪናቸው ሄዱ።

ዶንቺች ያን ጊዜ 25 ዓመቱ ነበር፤ ከስምንት ወር በፊትም ቡድኑን እስከ ሊጉ የፍጻሜ ግጥሚያ አድርሷል። ዴቪስ በመከላከል የተመሰገነ ቢሆንም 31 ዓመት የሞላውና ጉዳት የሚመላለስበት ሰው ነበር። ልውውጡን የፈጸመው የዳላስ ዋና ሥራ አስኪያጅ ኒኮ ሃሪሰን ዋንጫ የሚገኘው በመከላከል ነው ብሎ ምክንያቱን ተናገረ፤ የቡድኑ ወዳጆች ግን በአዳራሹ ተሰብስበው በአንድ ድምፅ ይሻር እያሉ ጮኹ። ዴቪስ ለዳላስ በተሰለፈበት በመጀመሪያው ግጥሚያ ተጎድቶ ወጣ፤ በማርች ወር ደግሞ የሁለተኛው ኮከብ የካይሪ ኧርቪንግ የጉልበት ጅማት ተበጠሰ፤ ቡድኑም ከከፍታው ወረደ። እንዲህ ሆኖ ሳለ በሜይ ወር ለአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ዕጣ ሲወጣ፣ ከመቶ ሁለት እንኳ የማይሞላ ዕድል የነበረው ዳላስ አንደኛ ወጥቶ ሁሉ የተመኘውን ወጣት ኩፐር ፍላግን አገኘ። በኖቬምበር ወር ሃሪሰን ከሹመቱ ተነሣ።

አንድ ሰው በአንድ ሥራ ምክንያት በዘጠኝ ወር ውስጥ ሞኝ ተባለ፣ ዕድለኛ ተባለ፣ በመጨረሻም ተሻረ። ከእነዚህ መካከል ፍርዱ የትኛው ነው? ጩኸቱስ የትኛው ነው? አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለው ነገር ካለፈ በኋላ የሚመጣውን ብልኀት ተሳልቀውበታል፤ በዳላስ ግን ሕዝቡ የጮኸው ጅቡ ገና በደጅ ሳለ ነው። ሕዝብ ቶሎ ሲጮኽ ሁልጊዜ ልክ አለመሆኑንም ከዚህ በታች እናያለን።

ሹመቱና ገበያው

የእግር ኳስን ዝውውር ለለመደ አንባቢ የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ገበያ እንግዳ ነው። በአውሮፓ ባለጸጋው ክለብ ገንዘብ ከፍሎ ተጫዋች ይገዛል፤ በአሜሪካው ሊግ በኤን ቢ ኤ ግን ሰው በሰው፣ ወይም ሰው ገና ባልታወቀ ሰው ይለወጣል። የቡድኑ ደመወዝ ጣሪያ ተበጅቶለታል፤ ጣሪያውን ያለፈ ቡድን የሚሰጠውና የሚቀበለው ደመወዝ እንዲቀራረብ ይገደዳል፤ ከዚያም አብልጦ የሚያወጣ ከባድ ግብር ይከፍላል፤ በ2023 የጸናው ውል ደግሞ በግብሩ ላይ እጅ የሚያስሩ ክልከላዎችን ጨምሯል። በመደበኛ ውል የሚያዙት ተጫዋቾች ከ15 ስለማይበልጡም፣ ሥራ አስኪያጁ አንዱን ለማስገባት ሌላውን ማሰናበት ግድ ይሆንበታል።

ገና ያልታወቀ ሰው ያልነው ድራፍት በሚባለው የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ላይ የሚገኘውን ተራ ነው። በየዓመቱ ከኮሌጅና ከውጭ አገር የሚመጡ ወጣቶች በተራ ሲመረጡ፣ ደካሞቹ ቡድኖች ዕጣ ተጥሎ ከፊት ይሰለፋሉ። ይህ ተራ ለዓመታት አስቀድሞ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ነገሩ ገና ያልተዘራ አዝመራን እንደ መሸጥ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የክሊቭላንድ ቡድን ባለቤት የነበረው ቴድ ስቴፒየን የወደፊቱን ተራ እያከታተለ በመለወጥ ቡድኑን ስላራቆተ፣ ሊጉ ማንም ቡድን ለሁለት ተከታታይ ዓመታት የመጀመሪያ ዙር ተራ አልባ ሆኖ እንዳይቀር ደነገገ፤ ሕጉም እስከ ዛሬ በዚሁ ሰው ስም ይጠራል። ገበሬው የዘር እህሉን ሁለት ክረምት አከታትሎ እንዳይሸጥ እንደ መከልከል ያለ ነው።

የዚህ ገበያ ታላቁ ዕለት በፌብሩዋሪ ወር የሚውለው የልውውጥ መዝጊያ ቀን ነው፤ በምሥራቁ አሜሪካ አቆጣጠር ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ደጁ ይዘጋል። በዚያ ቀን በሥራ አስኪያጁ ክፍል የሠላሳው ቡድን ተጫዋቾች ስም በሰሌዳ ላይ ተደርድሮ፣ ሕግ ዐዋቂው ደመወዝ ሲደምር፣ ሐኪሙ የጉዳት መዝገብ ሲያገላብጥ፣ አገር ለአገር ዞሮ ወጣቶችን ያየው መልማይ ምስክርነቱን ሲሰጥ፣ ስልኩ አያርፍም። ከሚቀርበው ሐሳብ አብዛኛው በዚያው ክፍል ተወልዶ በዚያው ክፍል ይሞታል። ሥራ አስኪያጁ እንቢ ብሎ ያዳነውን ማንም አያመሰግነውም፤ እንቢ ብሎ ያጠፋውንም ማንም አይወቅሰውም፤ እኛ በሕዝብ አደባባይ የምንፈርደው በሩ ተከፍቶ በታየው ሥራ ላይ ብቻ ነው።

> እንቢ ብሎ ያዳነውን ማንም አያመሰግነውም።

አንድም፣ አንድም

የመጻሕፍት መምህራን አንድን ቃል ሲተረጉሙ በአንድ ፍቺ አይረኩም፤ «አንድም» እያሉ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ያስከትላሉ፤ አንዱ ፍቺ ሌላውን ሳይሽረው ጎን ለጎን ይቆማል። የተጫዋች ልውውጥም እንዲህ ያለ ሐተታ የሚሻ ነገር ነው።

አንድም፣ በዕለቱ የነበረው ዕውቀት ይመረመራል። ሥራ አስኪያጁ ነቢይ አይደለምና በዚያን ቀን ሊያውቀው የሚችለውን እንጂ ከዚያ በኋላ የሆነውን ዕዳ ልንጭንበት አይገባም። አንድም፣ አማራጩ ይመረመራል፤ በሬውን ገበያ አውጥቶ ለብዙ ገዢ አሳይቶ የሸጠና በጓሮ በር ለአንድ ጎረቤት የሸጠ እኩል አይሆኑም። አንድም፣ ሥልጣኑ ይመረመራል፤ ከሥራ አስኪያጁ በላይ ገንዘቡን የሚቈጥር ባለቤት አለ፣ በፊቱም ውሌ ሲያልቅ እሄዳለሁ የሚል ተጫዋች አለ። አንድም፣ ፍጻሜው ይመረመራል፤ ልውውጡ ምን ወለደ? የወለደውስ ምን ወለደ?

የዳላስን ነገር በእነዚህ ብናየው ብያኔው አያስቸግርም። በዕለቱ ዕውቀት፣ ገና ጉልምስናውን ያልጨረሰ ኮከብ በሠላሳዎቹ ውስጥ ባለ ሰው ተለወጠ፤ በአማራጩ፣ ነገሩ በምስጢር ከሌከርስ ጋር ብቻ ስለ ተመከረበት ሌሎች ቡድኖች ዋጋ ሊያቀርቡ አልቻሉም። በሥልጣኑ ያየነው እንደ ሆነ ባለቤቶቹም ፈቅደዋልና ጥፋቱ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ኋላ የመጣው ፍላግ ግን ለልውውጡ ምስክር ሆኖ ሊቆም አይችልም፤ ቡድኑ ወድቆ ወደ ዕጣው ባይገባ ባልተገኘ ነበር ቢባል እንኳ፣ ዕጣ ጥበብ አይደለም።

በዚሁ ሚዛን የኦክላሆማ ሲቲ ተንደር ሥራ አስኪያጅ ሳም ፕሬስቲ በኦክቶበር 2012 የሠራው ሲመዘን ነገሩ ይከብዳል። ኬቨን ዱራንት፣ ራስል ዌስትብሩክና ጄምስ ሃርደን ሦስቱም ገና ወጣቶች ሳሉ ቡድኑን ለፍጻሜ ባደረሱ በጥቂት ወራት፣ ሃርደን በደመወዝ ከቡድኑ ጋር ባለመስማማቱ ለሂውስተን ተሰጠ። በ2018 ሃርደን የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ፤ በምትኩ ከመጡት ውስጥ ለዓመታት የጠቀመው ከተገኘው ተራ የተመረጠው ስቲቨን አዳምስ ነበር። የትንሽ ከተማ ቡድን ግብር መፍራቱን በሥልጣኑ ፍቺ ብንረዳለትም፣ በፍጻሜው ፍቺ ግን ጉዳቱ ጉዳት ነው፤ ይህን ከመዝገቡ የሚፍቅ ወዳጅ የሥራ አስኪያጁ ጠበቃ እንጂ ዳኛ አይባልም።

ኢባካ ኦላዲፖን ወለደ

አሁን ወደ ጁን 22 ቀን 2025 እንለፍ። በኦክላሆማ ሲቲ አዳራሽ የፍጻሜው ሰባተኛ ግጥሚያ ይደረጋል። በአንድ ወገን የባለአገሩ ቡድን ኮከብ ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደር፣ በሌላ ወገን የኢንዲያናው ታይሪስ ሃሊበርተን ቆመዋል። ገና በመጀመሪያው ሩብ ሃሊበርተን ወደ ቅርጫቱ ሊነሣ ሲል የተረከዙ ጅማት ተበጥሶ ወደቀ፤ ወለሉን በእጁ እየመታ ሲያለቅስ የተመለከተው የሁለቱም ወገን ተመልካች አዘነለት። ግጥሚያው በኦክላሆማ ድል 103 ለ91 አለቀ።

በዚያ ወለል ላይ ከነበሩት ብዙ ሰዎች መካከል የእነዚህ የሁለቱ የትውልድ ሐረግ ወደ አንድ ግንድ መድረሱን ልብ ያለው ጥቂት ነው። ፕሬስቲ በ2008 ድራፍት በ24ኛ ተራ ሰርጅ ኢባካ የሚባል የኮንጎ ወጣት መረጠ። በቤተ ክርስቲያን የትውልድ ቍጥር እንደሚነበበው ብናነበው፣ ኢባካ በ2016 ወደ ኦርላንዶ ሄዶ ቪክተር ኦላዲፖንና ዶማንታስ ሳቦኒስን ወለደ፤ እነዚህ ሁለቱ በ2017 ወደ ኢንዲያና ሄደው ፖል ጆርጅን ወለዱ፤ ፖል ጆርጅም በ2019 ወደ ሎስ አንጀለስ ክሊፐርስ ሄዶ የ20 ዓመቱን ጊልጀስ አሌክሳንደርንና አምስት የመጀመሪያ ዙር ተራዎችን ወለደ፤ ከተራዎቹም አንዱ ጄለን ዊልያምስን ወለደ። በዋንጫው ቀን ከኦክላሆማ ኮከቦች ሁለቱ ከዚያ ከ24ኛው ተራ የበቀሉ ቅርንጫፎች ነበሩ።

ሁለተኛውን ቅርንጫፍ ደግሞ ተመልከቱ። በ2017 ፖል ጆርጅ ውሉ ሲያልቅ እንደሚሄድ ለኢንዲያና አስታውቆ ስለ ነበር፣ የቡድኑ ኃላፊ ኬቨን ፕሪቻርድ በኦላዲፖና በሳቦኒስ ለወጠው፤ ያን ዕለት የጮኸው ሕዝብና አብዛኛው ጸሐፊ፣ ኢንዲያና ተዘረፈ አለ። ዓመት ሳይሞላ ኦላዲፖ ከኮከቦቹ ጨዋታ ተሰለፈ፤ ሳቦኒስም ተከተለው፤ በ2022 ሳቦኒስ ወደ ሳክራሜንቶ ሄዶ ሃሊበርተንን አስገኘ። ተዘረፈ የተባለው ቡድን በስምንተኛው ዓመት ከዘራፊው ጋር በፍጻሜ ተገናኘ ማለት ነው። ሃሊበርተንን የሰጠው ሳክራሜንቶስ ሞኝ ነበርን? እሱም በማግስቱ ዓመት ለ16 ዓመታት ተዘግቶበት የነበረውን የጥሎ ማለፍ ደጅ ከፍቶ ገባ።

> ተዘረፈ የተባለው ቡድን በስምንተኛው ዓመት ከዘራፊው ጋር በፍጻሜ ተገናኘ።

ከዚህ ሐረግ ፕሬስቲ ሁሉን አስቀድሞ አየ የሚል ትምህርት የሚያወጣ ሰው ይስታል፤ ኢባካን ሲመርጥ ስለ ጊልጀስ አሌክሳንደር ሊያስብ አይችልም፤ ያኔ ልጁ የዘጠኝ ዓመት ሕፃን ነበር። ያየው ነገር ቢኖር ጌጡ ዋጋ ሳያጣ መለወጥ እንዳለበት፣ በምትኩም ዕድሜ ያልገፋውንና ገና የሚያድገውን መጠየቅ እንደሚገባ ነው። ይህም ልማድ እንጂ ትንቢት አይደለም። በ2016 ዱራንት ውሉን ጨርሶ ያለ ምንም ምትክ ወደ ጎልደን ስቴት በሄደ ጊዜ፣ የልማዱ ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ፕሬስቲ ራሱ በኪሳራው ተምሯል።

የትዕግሥት ልክ

በሸንጎ የማይቋረጠው ክርክር የመሸነፍ ክርክር ነው። ቡድን ነገ እንዲጠነክር ዛሬ ይድከም ማለት ተገቢ ነውን? በፊላደልፊያ ሳም ሂንኪ በ2013 ሲሾም የነበሩትን ተጫዋቾች ሸጦ ተራ አከማቸ፤ በ2014 የመረጠው ጆኤል ኤምቢድ በጉዳት ሁለት ዓመት ሳይጫወት ቀረ፤ ቡድኑ በ2015-16 ከ82 ግጥሚያ 10 ብቻ አሸነፈ፤ ሂንኪም ያ ዘመን ሳይፈጸም 13 ገጽ ደብዳቤ ጽፎ ሹመቱን ለቀቀ። ኤምቢድ በ2023 የሊጉ ምርጥ ሆነ፤ ዳሩ ግን በሂንኪ ወንበር የተተካው ሥራ አስኪያጅ በ2017 ከቦስተን ጋር ተለዋውጦ አንደኛውን ተራ ሲያገኝ ማርኬል ፉልትዝን መረጠ፤ ቦስተን በሦስተኛው ተራ ጄሰን ቴተምን ወሰደ፤ በ2024ም ዋንጫ በላ። አንዱ የዘራውን ሌላው ሲያጭደው ፍርዱ በማን ላይ ይወድቃል?

ኦክላሆማም ከ2020 ጀምሮ ሁለት ዓመት ተሸንፏል። በዲሴምበር 2021 በሜምፊስ አዳራሽ በ73 ነጥብ ልዩነት ሲሸነፍ፣ በሊጉ ታሪክ እንዲህ ያለ ሽንፈት ታይቶ አይታወቅም ነበር። በዚያች ሌሊት ፕሬስቲን ለመሻር ምክንያት የፈለገ ባለቤት ምክንያቱ በእጁ ነበር፤ ባለቤቶቹ ግን ከ2007 ጀምሮ ያወቁትን ሰው በአንድ ሌሊት አልፈረዱበትም፤ ከሦስት ዓመት ከመንፈቅ በኋላ ዋንጫውን አነሡ። ስለዚህ የትዕግሥት ምስጋና ለሥራ አስኪያጁ ብቻ የሚሰጥ አይደለም፤ ጊዜ የሚሰጠው ባለቤቱ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል፤ እንቁላሉን የሚታቀፍ ከሌለ ግን መገማቱ አይቀርም።

የዋሽንግተን ምስክሮች

ወደዚያ ቡና ቤት እንመለስ። አዛውንቱ ታክሲ ነጂ በ1998 ያዩት ነገር ይህ ነው፤ የከተማቸው ቡድን ዋሽንግተን ዊዛርድስ የ25 ዓመቱን ክሪስ ዌበርን ለሳክራሜንቶ ሰጥቶ፣ ዕድሜው የገፋውን ሚች ሪችመንድንና ኦቲስ ቶርፕን ተቀበለ። ዌበር ሳክራሜንቶን ከሊጉ ብርቱ ቡድኖች አንዱ አደረገው፤ ዋሽንግተን ግን ለዓመታት ከኋላ ቆመ። እንደ አዛውንቱ ያሉ ሰዎች ፍርዳቸው አጭር ነው፤ «ወጣት ሰጥቶ ሽማግሌ መቀበል ያው በሬ ሰጥቶ ቆዳ መቀበል ነው» ይላሉ።

ሒሳብ የተማረ አንድ ወጣት በዚህ አይስማማም። ለእሱ ተጫዋች ብቻውን አይመዘንም፤ ከውሉ ጋር እንጂ። ምሳሌውም ብራድሊ ቢል ነው። በ2022 ዊዛርድስ ለአምስት ዓመት 251 ሚሊዮን ዶላር ከሰጠው በላይ፣ ያለ ፈቃዱ እንዳይለወጥ የሚል ብርቅ አንቀጽ በውሉ ጨመረለት። በማግስቱ ዓመት አዲስ ሹማምንት መጥተው ሊለውጡት ሲነሡ፣ የሚሄድበትን የመረጠው ተጫዋቹ ራሱ ስለ ሆነ ከፊኒክስ ያገኙት ዋጋ ትንሽ ነበር። ቋጠሮውን ያሰረው አንዱ፣ በጥርሱ የፈታው ሌላው ነው፤ ሕዝቡ የሳቀው ግን በፈቺው ነው። ከእነዚያም አዲስ ሹማምንት ሥራ አስኪያጁ ዊል ዶኪንስ በኦክላሆማ በፕሬስቲ ሥር ለዓመታት ያገለገለ ሰው መሆኑን ወጣቱ ሳይጠቅስ አያልፍም።

በእስራኤል ተወልዶ ለትምህርት ወደ አሜሪካ የመጣው የቤተ እስራኤል ልጅ ቅሬታ ደግሞ ሌላ ነው። አገሩ ሳለ የዴኒ አቭዲያን ጨዋታ ለማየት ሌሊት ይነቃ ነበር፤ በጁን 2024 አዲሶቹ ሹማምንት አቭዲያን ገና በ23 ዓመቱ ወደ ፖርትላንድ ሰደው ማልኮም ብሮግደንንና የድራፍት ተራዎችን ተቀበሉ። አቭዲያ በፖርትላንድ ይበልጥ አበበ፤ ከመጀመሪያ ዙር ተራዎቹ አንዱ በ2024 የተመረጠ ወጣት ሲሆን ሌላው ገና የ2029 ነው። ልጁ፣ «ወጣት ሰጥተው ገና በኮሌጅ ደጅ ያልደረሰ ወጣት ጠበቁ» ይላል። ጡረታ የወጣ አሠልጣኝ በበኩሉ በመልበሻ ክፍል ያለውን ነገር ያስታውሳል፤ ነገ እሸጥ ይሆናል ብሎ የሚያድር ልጅ ለጓደኛው ኳስ አያቀብልም፤ ይህም በማንም ሒሳብ አይገባም ይላል።

እነዚህ አራት ምስክሮች ውሸታሞች አይደሉም፤ እያንዳንዱ አንዱን «አንድም» ይዞ ሌላውን ይተዋል። አዛውንቱ ዕድሜን፣ ወጣቱ ውልን፣ ተማሪው ፍጻሜን፣ አሠልጣኙ ልብን ያያል። ዳኛ የሚባለው አራቱንም ሰምቶ የሚናገር ነው።

ብያኔ

እንግዲህ የእኔ ብያኔ እንዲህ ነው። አንድ ልውውጥ ለብቻው ተነሥቶ ሥራ አስኪያጅን ሊያጸድቀው ወይም ሊኰንነው የሚችለው፣ ጥፋቱ እንደ ዳላሱ በዕለቱ ዕውቀትና በአማራጩ ግልጽ ሆኖ ሲገኝ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ዕድልና ጉዳት፣ የባለቤት ፈቃድና የተጫዋች ልብ በአንዱ ሥራ ላይ ስለሚደራረቡ፣ ሰውየውን በልማዱ መመዘን ይገባል። ገበያ አውጥቶ ይሸጣልን? ዋጋው ሳይወርድ ያስባልን? የተሳሳተውን ዐውቆ ሁለተኛ አይደግመውምን? አሥር ዓመት የተደረደረ ልማድ ዕድልን ያጣራል፤ የአንድ ሌሊት ሥራ ግን አያጣራም።

አንተም አንባቢ ሆይ፣ ለሚመጣው ፌብሩዋሪ ይህን አድርግ። የልውውጡ ወሬ በደረሰህ ሰዓት፣ ማን አተረፈ ማን ከሰረ የምትለውን ከነምክንያቱ በወረቀት ጽፈህ ቀኑን ጻፍበትና አስቀምጠው። በአምስተኛው ዓመት አውጥተህ ስታነበው ሥራ አስኪያጁን ብቻ ሳይሆን ራስህንም ትመዝናለህ፤ ጅቡ ከመሄዱ በፊት የጮኸ ማን እንደ ነበረ የሚያስረዳ ምስክር ያ ወረቀት ነውና።